በሰፈራችሁ የጋራ የጌጣጌጥ ወርክሾፕ ስትከፍቱ፦ ከመዳብ ቀለበት እስከ ሰምና ወርቅ

የእናት የአንገት መስቀል፣ የአያት አምባር፣ ሣጥን ሥር በጨርቅ የተቋጠረ አንድ ጠገራ ብር። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ቤት ብዙ ነው። የሚሠራው ሰው ግን እያረጀ ነው። ልጁ ባጃጅ ይነዳል፣ ወይ አዲስ አበባ ገብቷል።

እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ጌጣጌጥና ብረት ሥራ የምንማርበት የጋራ ወርክሾፕ ከፍተናል። ከአንኮበርም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም "እንዴት ጀመራችሁ?" እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ሁሉንም ቁጭ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። የእኛ ጊዜም ገንዘብም የባከነው እሱን ስላልጠበቅን ነው።

መጀመሪያ አንጥረኛውን ፈልጉ

እኛ መጀመሪያ የገዛነው ዕቃ ነበር። ብር የሚዳምጥ ማሽን በውድ ገዝተን ሦስት ወር ሙሉ ላስቲኩን እንኳ ሳንፈታው ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ የሚያሠራው ሰው የለማ። እናንተ አትድገሙት። ከሁሉ በፊት ሰው።

ገበያ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብትጠይቁ አንድ አንጥረኛ አይጠፋም። ማረሻና ማጭድ የሚሠራውን ቀጥቃጭም አትለፉት። ብር ነክቶ ባያውቅም እሳት ያውቃል። የጋለ ብረት ቀለም አይቶ "በቃ፣ አሁን አውጣው" የሚል ዓይን በቪዲዮ አይገኝም። እኔ ብዙ ቪዲዮ አይቼ ሞክሬዋለሁ።

ስትሄዱ ካሜራ አትያዙ። ባለ እጅ በአገራችን ብዙ ተሰድቧል። "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እየተባለ ከጋብቻም ከማኅበርም ተገልሏል። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን በአንድ አዋጅ አልጠፋም፤ ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት በልጅነታቸው ሰምተውታል። ስለዚህ ስልክ ደቅኖ "ባህላችንን ልቀርጽ" የሚላቸውን ሰው ቢጠራጠሩ እውነት አላቸው።

አሁን የሚያስተምሩንን ጋሼን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው ያገኘኋቸው። መጀመሪያ ቀን "ጋሼ፣ ልጆች ሰብስበናል፤ ቢያስተምሩልን" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና፣

"ልጁን ለእኔ የሚሰጥ ማን አለ?" አሉኝ።

በሦስተኛው የእህቴን ልጅ ይዣት ሄድኩ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷ ምንም ሳትል ወናፉ አጠገብ ተቀምጣ አየር ትነፋላቸው ጀመር። ጋሼ ሥራቸውን አላቋረጡም። ስንወጣ ብቻ "ቅዳሜ ትምጣ፣ አሮጌ ልብስ ትልበስ" አሉ። ወርክሾፑ የተከፈተው እኔ እንደሚመስለኝ ያን ቀን ነው።

አበላቸውን በቀን ክፈሉ። "ለባህል ነው፣ ለትውልድ ነው" ብሎ ሰውን በነጻ ማሠራት ነውር ነው። ተማሪ ባይመጣም የቀጠራችሁበትን ቀን ክፈሉ።

ገንዘብና ደንብ

ይህን በአጭሩ። እኛ እንደ እቁብ አደረግነው። በየወሩ እኩል እናዋጣለን፤ መጀመሪያ ኪራይና የጋሼ አበል ይወጣል፣ የቀረው ለዕቃ ነው። ዕቃው የሁሉም ነው፤ የሚሠራበት ብር (ማዕድኑ) ግን የየራስ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ አለው። ሲገባ ይመዘናል፣ ሲወጣ ይመዘናል፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ወዳጅነት የሚበላሸው በዚህ ነውና መዛኙ በየወሩ ይቀያየር።

ሥራችሁን መሸጥ ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት የከተማችሁን ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ መደራጀትና ስለ ንግድ ፈቃድ ጠይቁ። ወርቅ ደግሞ ለጊዜው አትንኩ። የጀማሪ እጅ ብዙ ያባክናል፣ የሚባክነው ወርቅ ሲሆን ደግሞ ጠብ ነው።

ክፍሉ

ሰፊ መሆን የለበትም። የእኛው አራት ሜትር በአምስት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን። የሳጠራ ኮርኒስ ካለው አትከራዩት። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስኮቶች፣ ወይም በርና መስኮት ይኑረው። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። ኅዳር ላይ ማለዳ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ታገኙታላችሁ። እንዲህ ሲበርድ ሰው የሚያምረው በሩን ዘግቶ ከሰሉን ማቀጣጠል ነው። ይህ ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። በክረምት በከሰል ጭስ ታፍኖ ያደረ ሰው ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ደንባችን አንድ ነው፤ እሳት ካለ ሁለቱም መስኮት ክፍት ነው። ብርዱን በሹራብ ቻሉት።

በሹራብ ያልኩት አስቤ ነው። ጋቢ ለብሶ እሳት አጠገብ መቆም የለም። ዘርፉ ከሰሉ ላይ ሲወድቅ የለበሰው ሰው አያየውም። ናይለን ልብስም አይሆንም፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ የታሰረ ፀጉር፣ የሥራ መነጽር። የብር ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ከገባ በኋላ መነጽር መግዛት ምንም አይጠቅምም።

በር አጠገብ አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ ውኃ አኑሩ፤ አቅም ካላችሁ የእሳት ማጥፊያም ጨምሩ። የጋዝ ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ። ጎማውን በየሳምንቱ የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። ሲበርድ የሲሊንደሩ ግፊት ይወርድና ነበልባሉ ይደክማል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሲሊንደሩን ወደ እሳት ያስጠጋዋል። በፍጹም! ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ፣ እስከዚያ ሞረድ ያዙ።

ጠረጴዛና ዕቃ

ጠረጴዛው ስትቀመጡ ደረታችሁ ጋ የሚደርስ ይሁን። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የሠራ ሰው በሳምንቱ ወገቤን ይላል። እግሩን ከባሕር ዛፍ አሠሩት፣ ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር፣ ጭራሽ አይወዛወዝ። ከፊቱ ጫፍ ምላስ የመሰለ ጠንካራ እንጨት ይውጣ፣ ወይራ ቢሆን ደስ ይላል። መጋዙም ሞረዱም የሚሠሩት እሱ ላይ ተደግፈው ነው። ከምላሱ ሥር፣ ጭናችሁ ላይ እንዲረግብ አድርጋችሁ የለፋ የበግ ቆዳ ለስላሳውን ፊት ወደ ላይ ወጥሩ። የሚረግፈው የብር ብናኝ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። መንዝ ያለ ሰው ቆዳ ፍለጋ አይቸገርም።

የሚገዛው ዕቃ ብዙ አይደለም። ቀጭን የእጅ መጋዝ ከብዙ መለዋወጫ ስለት ጋር (ይሰበራል፤ እኔ የመጀመሪያ ቀን ዘጠኝ ሰብሬያለሁ)። ጠፍጣፋና ግማሽ ክብ ሞረድ። ሁለት ፒንሳ፣ ጫፉ ያልሻከረ። ወረንጦ፣ ጉጠት፣ አንድ የብረትና አንድ የእንጨት መዶሻ፣ ቀለበት የሚከበብበት ሾጣጣ ብረት። የጋዝ ችቦ። ቦራክስ (ሲበየድና ሲቀልጥ የሚጨመር ነጭ ዱቄት)። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን። መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ካላገኛችሁ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ፊቱን በደንብ አለስልሳችሁ ግንድ ላይ ምቱት፣ ይበቃል። ወናፉን ጋሼ ይዘው መጡ።

ያ የዳመጫ ማሽን? አሁን እንጠቀምበታለን። ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ያለ እሱ መማራችን ጠቅሞናል ብዬ አምናለሁ፤ ብሩ በመዶሻ ሲሳሳ የት ጋ እንደሚጠነክር እጃችን ለመደው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ የመዳብ ቀለበት

ማንም ተማሪ ብር ሳይነካ ሦስት የመዳብ ቀለበት ይሠራል። ይህን ደንብ ለማንም አታላሉ። መዳብ ርካሽ ነው፣ ሲሠራም ከብር ብዙም አይለይም።

መዳቡን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ወፍራም የሽቦ ቁራጭ ሁልጊዜ ይተርፈዋል። ላስቲኩን በቢላዋ ላጡት እንጂ በእሳት አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ይሻላል።

ሽቦውን አግሉት። መብራቱን ቀነስ አድርጉ፤ በጠራራ ፀሐይ የመዳብ መጋል አይታይም። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ውኃ ውስጥ ንከሩት። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ መዳብና ብር ግን ይለሰልሳሉ። ቀጥቃጩ ተማሪያችን ይህን ሲያይ በጣም ነው የገረመው።

አሁን መስፉ ላይ ቀጥቅጡት፤ ወርዱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር እስኪሆን። እዚህ ጋ ጆሮ ያስፈልጋል። የለሰለሰ መዳብ ሲመታ ድምፁ የታፈነ ነው፣ "ድፍ፣ ድፍ"። እየጠነከረ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል፣ መዶሻውም ይነጥራል። ያኔ አቁሙና እንደገና አግሉት። ካላቆማችሁ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቡና እየጠጡ "ጠንክሯል፣ አግለው" ይላሉ። ሳያዩ!

ልኩ እንዲህ ይወጣል። ለጣቱ የሚሆን ሌላ ቀለበት ካለ የውስጡን ስፋት ለኩ። 17 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ውፍረቱን 1.5 ጨምሩበት፣ 18.5 ይሆናል። በ3.14 አባዙት። 58 ሚሊ ሜትር፤ የምትቆርጡት ይህን ነው። ውፍረቱን መጨመር የረሳ ሰው ቀለበቱ ሁልጊዜ ይጠብበታል።

መጋዙ ላይ ስለቱን ስትገጥሙ ጥርሱ ወደ እጀታው፣ ወደ ታች ይመልከት። የሚቆርጠው ወደ ታች ሲሳብ ነው። በጣት ስትነኩት እንደ ክራር ጅማት ጥርት ብሎ ይጩህ፤ ከላላ ይሰበራል። ስለቱን ጧፍ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጉት፤ ሰሙ ያንሸራትተዋል። ከዚያ አትግፉት። ክንዳችሁ ብቻ ይውጣ ይውረድ፣ መጋዙ በራሱ ክብደት ይቁረጥ። ስለት የሚሰበረው ጠምዝዘን ወይም ተጭነን ስንይዝ ነው።

ቆርጣችሁ ስታበቁ እንደገና አለስልሱትና ሁለቱን ጫፍ አገናኙ። ክብ ባይሆን ግድ የለም፣ ኋላ ይከበባል። ጫፎቹ ግን ልቅም ብለው ይጋጠሙ። ወደ መስኮት አንሡትና እዩ። ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው፤ በሞረድ አስተካክሉ። መበየጃ (ቀልጦ የሚያያይዘው ቁራጭ) ክፍተት አይሞላም፣ የተጋጠመን ብቻ ይይዛል።

አሁን ብየዳ። ቦራክሱን በጠብታ ውኃ እንደ ቀጭን ሊጥ አድርጋችሁ መጋጠሚያውን ቀቡ። የምስር ፍሬ ግማሽ የምታህል የመበየጃ ብር ቁራጭ በወረንጦ አኑሩበት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነበልባሉን መበየጃው ላይ ብቻ ሲያነጣጥር ነው። መበየጃው እንደ ዶቃ ይንከባለልና ይወርዳል፤ ቀለበቱ ገና ቀዝቃዛ ነዋ። ቀለበቱን ዙሪያውን አግሉ። ቦራክሱ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይተኛል፣ ከዚያ እንደ መስታወት ይጠራል። እሱን ስታዩ ነበልባሉን ወደ መጋጠሚያው አስጠጉ። መበየጃው በድንገት ብልጭ ብሎ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ወዲያው እሳቱን አንሡ፤ ሁለት ሰከንድ ብትዘገዩ ቀለበቱ ራሱ ሊቀልጥ ይችላል።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንዳንድ መበየጃ ካድሚየም አለበት፤ ጭሱ ሳንባ ያጠፋል። ሻጩን "ካድሚየም የሌለው" ብላችሁ ጠይቁ፣ የማያውቅ ከሆነ አትግዙ። ደግሞ የሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበትን እርሳስ ብር ላይ አታድርጉ። በኋላ ሲግል እርሳሱ ብሩን ይበላዋል፣ ጉድጓድ ይተዋል።

የተበየደውን በውኃ አብርዱና ለብ ያለ ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ክተቱት፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 100 ግራም ገደማ ይበቃል። ጥቁሩ ይለቃል። የጋለ ነገር አሲድ ውስጥ አትጣሉ፣ ፊት ላይ ይፈናጠራል። የብረት ወረንጦም አታስገቡ፤ ብረት ከነካው ያለው ብር ሁሉ መዳብ ለብሶ ቀልቶ ይወጣል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ያዙ። የመኪና ባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ። ልጆች ባሉበት ወርክሾፕ እኔ አላስገባም።

የቀረው ቀላል ነው። ሾጣጣው ብረት ላይ በእንጨት መዶሻ ክበቡት፣ ሞርዱት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ከ220 ወደ 400፣ ወደ 600፣ ወደ 1000 ውጡ። አንዱን ደረጃ ከዘለላችሁ ጭረቱ መጨረሻ ላይ ይታያል።

ብሩን ስትገዙ

አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ "ንጹሕ ብር" ተብዬ የገዛሁት አምባር ቀልጦ ሲፈስ ቀለሙ ገረጣብኝ። ጋሼ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው መለሱልኝ። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነበር፤ አንዲት ግራም ብር የለበትም። ከዚያ ወዲህ በውኃ ሳንፈትን አንገዛም።

እንዲህ ነው። ዕቃውን መዝኑ፣ 21 ግራም ነው እንበል። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አኑሩና ዜሮ አድርጉት። ዕቃውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውኃው ውስጥ አስጥሙት፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ ላይ አዲስ ቁጥር ይመጣል። 21ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ቁጥሩ 2.05 ከሆነ መልሱ 10.2 ገደማ ነው፣ ለብር ይቀርባል። 2.4 ከሆነ ግን 8.75 ይመጣል፤ ተዉት። ንጹሕ ብር 10.5 ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም ድንጋይ ያለበት ጌጥ በዚህ አይፈተንም።

ስለ ጠገራ ብር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ማርያ ትሬዛ፣ ያ 1780 የሚል ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው ሌላ ብረት። ስለዚህ እሱን አቅልጣችሁ የሠራችሁትን "925 ነው"፣ ማለትም ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፣ ብላችሁ አትሽጡ። 925 ለማድረግ በአንዱ ጠገራ ላይ 34 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር መጨመር አለባችሁ፣ ከራሱ ከጠገራው ይበልጣል። አባቶቻችን መስቀሉንም ድሪውንም አልቦውንም ከሱ ሠርተዋል፣ ጥሩ ብር ነው። ያለውን ብቻ ንገሩ።

አሮጌ ጌጥ ይዞ "አቅልጡልኝ" የሚልም ይመጣል። እኛ መጀመሪያ ፎቶ እናነሣለን፣ እንመዝናለን፣ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ካለ እንጽፋለን። ከዚያ "ልጠግነው?" ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛው ሰው ይስማማል። እውነቱን ለመናገር የአያትን አምባር ማቅለጥ እኔ አልችልም። የተሰበረ ማያያዣ መጠገን ለተማሪውም ጥሩ ትምህርት ነው።

ሰምና ወርቅ

ከአራት ወር በኋላ ወደዚህ ትደርሳላችሁ። የቅኔ መምህር "ሰምና ወርቅ" የሚለው ይህን ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። ትምህርት ቤት ቃሉን ተምሬው ነበር። የገባኝ ግን ትኩስ ሰም ከጭቃው አፍ ጠብ ጠብ ሲል ያየሁ ቀን ነው።

ንጹሕ የንብ ሰም ያዙ፤ ፓራፊን የገባበት ሻማ ለዚህ ሥራ አይመቸንም። ደብረ ብርሃን ላይ ሰሙ በብርዱ ይደርቃል፣ ስትቀርጹት ፍርክስክስ ይላል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከር እያደረጋችሁ በመዳፋችሁ አሹት። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለባችሁ፣ ቀትር ላይ ቅርጹ በእጃችሁ ይለሰልስባችኋል። በማለዳ ሥሩት።

ትንሽ የአንገት መስቀል ሥሩ። ቀጭኑ ቦታ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይነስ። ከወፍራሙ ጫፍ የመጻፊያ እርሳስ የሚያህል የሰም እግር አውጡለት፣ መጨረሻውን እንደ ጡሩምባ አፍ ክፈቱት። ብሩ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ መዝኑት። የሰሙን ክብደት በ11 ብታባዙ የሚያስፈልገውን ብር ታገኛላችሁ። 2 ግራም ሰም 22 ግራም ብር ይፈልጋል። እግሩንም አብራችሁ መዝኑ፣ ጥቂት ግራምም ለትርፍ ጨምሩ።

ጭቃው ላይ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ልባስ በወንፊት ከተነፋ ሸክላ አፈርና ከደቀቀ ከሰል ይሠራል፣ እንደ አብሲት ቀጠን ይላል። በለስላሳ ብሩሽ እያንዳንዱን ቀዳዳ ቀቡ። የአየር አረፋ ከቀረ መስቀሉ ላይ የብር ኪንታሮት ሆኖ ይወጣል። በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ይሰነጠቃል፣ ሰሙም ይለሰልሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ልባስ እበትና የደቀቀ ጭድ ይጨመርበት፣ ወፈር ይበል። እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ሳምንት ይፈጃል፣ ክረምት ላይ ከዚያም በላይ። በዝናብ ወቅት ባትሞክሩት ይሻላል።

ሲደርቅ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ሰሙ ይወርዳል፣ ሥሩ ቆርቆሮ አኑሩለት፣ ለሌላ ጊዜ ይሆናል። ከዚያ ቅርጹ ራሱ ቀይ እስኪሆን በከሰል አግሉት። ጭስ መውጣቱ ሙሉ በሙሉ ይቁም። እርጥበት ከቀረ የፈሰሰው ብር በእንፋሎት ተመልሶ ይፈነዳል። ይህን ደረጃ ያለ ጋሼ ማንም አይሠራም፣ እኔም ጭምር።

በጎን ብሩን በማቅለጫው ሸክላ ውስጥ አቅልጡ። አንዱ ወናፉን ይያዝ፣ እኩል ይንፋ። ብር በ961 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ግን ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም። ቆንጥር ቦራክስ ጣል አድርጉበት፤ ቆሻሻው ወደ ጎን ይሸሻል። ብሩ ተሰብስቦ እንደ መስታወት ሲሆን፣ ሸክላውን ነቅነቅ ስታደርጉት እንደ ጠብታ ሲንከባለል ደርሷል። ነሐስ የምታቀልጡ ከሆነ ነጩን ጭስ አትሳቡ፤ ዚንክ ነው፣ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ደጅ አቅልጡት።

የጋለውን ቅርጽ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቅበሩና በአንድ ትንፋሽ አፍስሱ። ሳትቆሙ። ፊታችሁን ከአፉ በላይ አታድርጉ። የእኔ የመጀመሪያው ግማሽ መስቀል ሆኖ ነው የወጣው። ጉጠቱን ስፈልግ ቅርጹ ቀዘቀዘ፣ ብሩ መሐል ላይ ቆመ። ጋሼ አልተቆጡም። ግማሿን መስቀል ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሚስማር መተው ሰቀሏት፤ አሁንም አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሷን ነው። "ጉጠትህን መጀመሪያ፣ እሳትህን ኋላ" ይሉታል።

በራሱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ጭቃውን በቀስታ ስበሩ፣ በብሩሽ እጠቡ፣ እግሩን በመጋዝ ቁረጡ። የተቆረጠው እግር ወደ ቆርቆሯችሁ ይመለሳል፣ ይመዘናል።

ጥርጊያው

በወሩ መጨረሻ ቆዳዎቹን እናራግፋለን፣ ጠረጴዛውን እንጠርጋለን። የመዳቡ ብናኝ ከብሩ ጋር እንዳይቀላቀል መዳብ የሚሠራበትን ጠረጴዛ ከመጀመሪያው ለዩት፤ እኛ ይህን ዘግይተን ነው ያወቅነው። በብናኙ ላይ ማግኔት በወረቀት ጠቅልለን እናሳልፋለን፣ የሞረዱና የመጋዙ ብረት ይወጣል። የቀረውን በእሳት ላይ እናምሰዋለን፣ እንጨቱና ፀጉሩ ይቃጠላል። ከዚያ በቦራክስ ይቀልጣል። የሚወጣው ብር ንጹሕ ስላልሆነ ለሽያጭ አናውለውም። መዝገብ ላይ "የጋራ" ተብሎ ይጻፍና ለአዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያ የብር ቀለበቱ ይሆናል። ባለፈው ወር የወጣውን የእህቴ ልጅ ናት ያቀለጠችው፤ ጋሼ ወናፉን ነፉላት።